ሁለት ማዳበሪያ ማንጎ እና አራት ጥፋት፦ ከደብረ ማርቆስ ለተጻፈ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም ሲመጣ ከአባታችን ጓሮ ሁለት ማዳበሪያ ማንጎ ይዞልን መጣ። ሳይበላሽ እናድርሰው ብለን ከእህቴ ጋር ሥራ ጀመርን። የነካነው ሁሉ ግን ተበላሸ። ሎሚ ሳንጨምር፣ ስኳሩንም ተወደደ ብለን ቀንሰን የሠራነው የመጀመሪያው ማርማላታ እንደ ሾርባ ቀጠነ። ለሁለተኛው ቴርሞሜትር ተውሼ ቪዲዮው እንዳለው 105 ዲግሪ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ከሥር አረረ፤ የተረፈውም ሲቀዘቅዝ ማንኪያ አላስገባ አለ። ጭማቂውን በሃይላንድ ሞልተን መደርደሪያ ላይ ደረደርነው። በአራተኛው ቀን ሌሊት አንዱ ፈነዳ። ቆርጠን ጣራ ላይ ያሰጣነው ደግሞ ሻገተ። እጄም እስከ ክርኔ ድረስ ያሳክከኛል። አሁን አንድ ማዳበሪያ ቀርቶኛል፤ ግማሹ ጥሬ ነው፣ ግማሹ በስሏል። አማቴ የሰኔን ጾም እኛ ጋ ሊጾሙ ይመጣሉ። ለቁርስ ከዳቦ ጋር ማርማላታ ላቀርብላቸው አስቤ ነበር። ችግሩ እጄ ነው ወይስ ማንጎው?»

እህቴ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ማዳበሪያውን ፍቺው። መልሱ ይቆይሻል፣ ማንጎው ግን አይቆይም። በማዳበሪያ የታጨቀ ማንጎ እርስ በርሱ ይሞቃል፣ ያልበዋል። ከሥር ያለው ይጨፈለቃል። አንዱ ሲበሰብስ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ጥላ ያለበት ወለል ላይ ጋዜጣ ወይም ጆንያ አንጥፊና አንድ በአንድ ደርድሪው። አንዱ ባንዱ ላይ አይደራረብ።

ስትደረድሪው ሦስት ቦታ ክፈይው። ጠንካራና አረንጓዴ የሆነው ለብቻ። ሸተት ያለው፣ ጫን ሲሉት ትንሽ እሺ የሚለው ለብቻ። በጣም የለሰለሰው፣ ጥቁር ነጥብ የጣለው ለብቻ። የሚኮመጥጥ ሽታ ያለውን፣ የሻገተውን ወይም ውስጡ ነጭ ትል የታየበትን ለጉድጓድ ስጪው። ከተጨፈለቀው ግን ጉዳቱን ሰፋ አድርገሽ ቆርጠሽ ጥለሽ የቀረውን መጠቀም ትችያለሽ።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ከጻፍሽልኝ እንደገባኝ ያገኛችሁትን ማንጎ ሁሉ አንድ ላይ ላጣችሁ፣ አንድ ላይ ቆረጣችሁ፣ ከዚያ ለማርማላታ፣ ለጭማቂና ለማስጣት አከፋፈላችሁት። ጥሬው፣ የበሰለውና ያለፈበት ግን አንድ ሥራ አይሠሩም። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ለድስት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ማርማላታው ልምጣ። ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ማርማላታ የሚረጋው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው፦ ፔክቲን፣ ኮምጣጣነትና ስኳር። ፔክቲን በፍሬው ሥጋና ልጣጭ ውስጥ ያለ ሙጫ መሰል ነገር ነው። ጥሬ ፍሬ ውስጥ ሞልቷል። ፍሬው ሲበስል ይፈራርሳል፤ የበሰለ ማንጎ የሚለሰልሰውም አንዱ በዚሁ ምክንያት ነው። ኮምጣጣነቱም እንዲሁ ነው። ጥሬ ማንጎ ጥርስ ያጠርሳል፣ የበሰለው ግን ጣፋጭ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ማሩ ጠብ እስኪል የበሰለ የበዛበትን ማንጎ፣ ሎሚ ሳትጨምሪ፣ ስኳሩንም ተወደደ ብለሽ ቀንሰሽ ስትቀቅይው ከሦስቱ ሁለቱ ተኩል ጎደሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ድስትሽ እንደ ሾርባ የቀጠነው በዚህ ነው። ለመብላት ምርጡ ማንጎ ለማርማላታ ብቻውን ምርጥ አይደለም።

ሁለተኛው ድስት ላይ ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የቪዲዮው ነው።

105 ዲግሪ የሚለው ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ብለሽ ያዢው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነች፤ እዚያ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነች። አንቺ ቤት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የደጋ ሰው ነገሩን ያለ ቴርሞሜትርም ያውቀዋል። ቆላ ላይ ቶሎ የሚበስል ሽምብራና ባቄላ ደጋ ላይ እንጨት ይፈጃል። እሳቱ ደክሞ አይደለም። ውሃው ከዚያ በላይ መሞቅ ስለማይችል ነው።

ማርማላታ የሚረጋው ደግሞ ውሃ ከሚፈላበት በላይ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ሲወጣ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ 104 ወይም 105 ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን 96 ወይም 97 ነው። አንቺ 105ን ስትጠብቂ ማርማላታሽ ከደረሰ በኋላ ሌላ 8 ዲግሪ አሳለፍሽው። ውሃው አልቆ ስኳሩ ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ ያለው ነገር ማርማላታ መሆኑ አብቅቶ ከረሜላ እየሆነ ነው። ማንኪያ አላስገባም ያለሽ ለዚህ ነው። ከሥር ማረሩም የዚሁ ውጤት ነው፤ ውሃ የሌለው ስኳር ስስ ድስት ላይ ሲቀመጥ ማረሩ አይቀርም።

ይህን ነገር እኔም ያወቅሁት ከስሬ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ባሕር ዳር ላይ ለአንድ የእናቶች ቡድን ማርማላታ አሠራር ሳሳይ መመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ይዤ ቆምኩ። አንዷ እናት ድስቱን አየት አድርገው «ልጄ፣ ይኼ ደርሷል፣ አውጪው» አሉኝ። ቁጥሩ ገና ነው ብዬ አልሰማኋቸውም። 20 ኪሎ ማንጎና ያን ሁሉ ስኳር አጠቆርኩት። እኚያ እናት ቴርሞሜትር አይተው አያውቁም፣ ግን ከማማሰያው ላይ እንዴት እንደሚንጠባጠብ አይተው ነበር የፈረዱት። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳስተምር መጀመሪያ ውሃ አፈላለሁ።

አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ቴርሞሜትሩ ገና እጅሽ ላይ ካለ በሚፈላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ክተችውና ያነበበውን ጻፊ። 92 ካለ 4 ወይም 5 ጨምሪበት። የማርማላታሽ ቁጥር እሱ ነው። ቴርሞሜትሩ ራሱ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ በዚህ መንገድ ስሕተቱ ይስተካከላል። ከመለስሽውም ችግር የለም። የቆርቆሮ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጪ፤ የማርቆስ ጠዋት ከሆነ ደጅ ብታቆይውም ይበቃል። ከማርማላታው ግማሽ ማንኪያ ጠብ አድርጊበትና አንድ ደቂቃ ታገሺ። ከዚያ በጣትሽ ገፋ አድርጊው። ላዩ ከተጨማደደ ደርሷል። ጣትሽ የሄደበት መንገድ መልሶ ከተሞላ ገና ነው። ይህን ስትሞክሪ ድስቱን ከእሳት አውርጂው፤ አንቺ ሳህን ስታዪ ድስቱ እንዳያልፍበት።

አሠራሩን ልንገርሽ። 1 ኪሎ ተኩል የበሰለ ማንጎ ሥጋና ግማሽ ኪሎ ጥሬ ማንጎ ሥጋ ውሰጂ። ከዚህ አታብዢ። አሥር ኪሎ ባንዴ ድስት ሙሉ አድርጎ መቀቀል ጊዜ ይቆጥባል ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብዙው ለመትነን ሰዓታት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ፔክቲኑ ይሞታል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ትንሽ ትንሽ፣ በሰፊ ድስት ነው የሚያምረው።

ጥሬውን በሞረድ ፈቅፍቂውና በአንድ ብርጭቆ ውሃ መጀመሪያ ለብቻው አብስይው። ሲለሰልስ የበሰለውን ጨምሪ። የአገር ማንጎ ክር ይበዛዋል፤ ጥርስ ውስጥ መግባቱን ካልወደድሽ በዚህ ጊዜ በወንፊት አጥልይው። የ6 ሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። የሎሚውን ፍሬ አትጣይው፤ እሱም ፔክቲን አለው። በንጹሕ ሻሽ ቋጥረሽ ድስቱ ውስጥ ጣል አድርጊውና በመጨረሻ ጨምቀሽ አውጪው። ከዚያ 1 ኪሎ ተኩል ስኳር። እሳቱን ቀንሰሽ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አማስዪ። ካልሟሟ በኋላ አሸዋ አሸዋ ይላል። ሲሟሟ እሳቱን ከፍ አድርጊና አፍይው። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ወደ መጨረሻው እንደ ሽሮ ተክ ተክ እያለ ይፈነጥቃል። ከሽሮ ግን ይብሳል፤ ስኳሩ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል። እጀ ረጅም ልብስ ልበሺ፣ ሕፃን ካለ ከወጥ ቤት አስወጪ።

ስለ ድስቱ አንድ ነገር። ስስ የአሉሚኒየም ድስት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቶሎ ያሳርራል፤ ሎሚውና ጥሬው ማንጎ ሲነኩትም ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይሰጣል። የማይዝግ ወፍራም ድስት ወይም ያልተላጠ እናሜል ይሻላል። ማማሰያውም የወጥ ማማሰያ አይሁን። እንጨት በርበሬና ሽንኩርት ጠጥቶ ያስቀራል፣ የሞቀ ስኳር ደግሞ ሽታውን አውጥቶ ይወስደዋል። ለጣፋጭ ብቻ የሚሆን አንድ ማማሰያ ለዪ።

ስኳሩን ለምን አንቀንስም ትይኝ ይሆናል። የስኳር ዋጋ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ማርማላታ ውስጥ ግን ስኳር ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው። ውሃውን ይዞ ሻጋታና እርሾ እንዳይጠጡት የሚያደርገው እሱ ነው። ስኳሩን በግማሽ ቀንሰሽ ብዙ ማርማላታ ከምትሠሪ፣ ልኩን ጠብቀሽ ትንሽ ሥሪና ሌላውን ማንጎ ለሌላ ነገር አውዪው። በማር ቢሠራስ የሚሉኝም አሉ፣ ጎጃም ነንና። ይሠራል። ማር ግን የራሱ ውሃ ስላለው ይቀጥናል፣ ብዙ መፍላትም ይፈልጋል። ሲፈላ ደግሞ ያ የአበባ ሽታው ይጠፋል። እኔ ጥሩ ነጭ ማር አላፈላም። ማንጎውንም ማሩንም ለየብቻ ብበላቸው እመርጣለሁ።

የቀጠነውን የመጀመሪያውን ድስት ካልጣልሽው ይድናል። አንደኛ፣ ማርማላታ ትኩስ ሆኖ ሁልጊዜ ቀጭን ነው፤ ጨርሶ እስኪረጋ አንድ ቀን ሊፈልግ ይችላል። ሳምንት አልፎትም ከቀጠነ ግን አይረጋም። አሽቺው፣ ቅመሺው። አረፋ ካወጣ ወይም ከኮመጠጠ አይሆንም። ደህና ከሆነ ሁለት ሁለት ኪሎ እያደረግሽ ግማሽ ኪሎ ተቀቅሎ የለሰለሰ ጥሬ ማንጎና ሎሚ ጨምረሽ፣ የጎደለውን ስኳር ሞልተሽ እንደገና አፍይው። መልሶ መድከሙ ከሰለቸሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪውና በቀዝቃዛ ውሃ እየበጠበጥሽ ጠጡት። ለጾም ጥሩ መጠጥ ነው።

የጠነከረውን በተመለከተ፣ ከሥር ያረረውን በፍጹም እንዳትፍቂው። ላዩን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ አውጪና ቅመሺ። የማረር ምሬት ውስጡ ከገባ ምንም አይመልሰውም፣ ጣይው፣ ሎሚና ስኳር አታባክኚበት። ካልገባ ግን ትንሽ የፈላ ውሃና የሎሚ ጭማቂ ጠብ እያደረግሽ በለዘብተኛ እሳት አሟሚው። ድስቱን ደግሞ ውሃና አመድ ሞልተሽ አሳድሪው።

ወደ ሃይላንዱ ልሂድ፤ ይሄኛው አደጋም ስላለው።

ቤት ውስጥ የቀረ ያልፈነዳ ጠርሙስ ካለ ዛሬውኑ ደጅ አውጪው። ወፍራም ጨርቅ ሸፍነሽ፣ ፊትሽን መልሰሽ፣ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ አላልተሽ አየሩን አስወጪ። ከዚያ ድፊው። ለልጆች እንዳትሰጪ። የሆነው ነገር ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም፤ ጭማቂው ተጠንስሷል። ማንጎ ልጣጭ ላይ እርሾ በተፈጥሮው አለ። ሳታፈይው ጨምቀሽ ስኳሩን ከእርሾው ጋር ስትዘጊበት እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና አየር ያወጣል። ጠጅና ጠላም የሚሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። የጠላ ጋን ግን እንደ ሃይላንድ ጥርቅም ተደርጎ አይዘጋም፣ አየሩ መውጫ አያጣም። አንቺ መውጫውን በቡሽ አጥብቀሽ ዘጋሽበት።

ጭማቂ ያለ ፍሪጅ ማቆየት ከፈለግሽ ከሎሚ ጋር ማፍላት፣ በተቀቀለ የመስታወት ጠርሙስ ገና ሲፈላ መሙላትና ወዲያው መዝጋት አለብሽ። ሃይላንድ ለዚህ አይሆንም። ትኩስ ሲገባበት ይጨማደዳል፣ ቀዝቅዞ እንዲገባ ስትጠብቂ ደግሞ እርሾው ይመለሳል። ፍሪዘር ካለሽ ግን ይህን ሁሉ ተዪው። በጣም የለሰለሰውን ማንጎ ዛሬ ላጪ፣ ጨፍልቂ፣ ሎሚ ጨምሪና በወፍራም ንጹሕ ፌስታል ለአንድ ጊዜ የሚበቃ የሚበቃ እያደረግሽ ጠፍጣፋ አድርገሽ አስተኚው። ጠፍጣፋው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቦታም አይዝም። መብራት ቢጠፋ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ ወደ ሁለት ቀን ይቆያል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ባዶውን ቦታ ውሃ በሞላ ዕቃ ሙዪው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ቀለጠ ወይስ አልቀለጠም» እያሉ መክፈት ነው የሚያቀልጠው።

ጣራ ላይ የሻገተውን ስጥ በተመለከተ፣ የሻገተውን ቦታ ብቻ ቆርጦ መብላት እንዳታስቢ። የሻጋታ ሥር ዓይን ከሚያየው በላይ ይገባል። ሁሉንም ጣይው። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው ወቅቱ ነው። የግንቦት መጨረሻ ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት ይደምናል፣ ያካፋል። ግማሽ የደረቀ ማንጎ አንድ ማታ እርጥበት ካገኘው አለቀለት። ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። የአውራ ጣት ያህል ወፍራም ስትቆርጪው ላዩ ቆዳ ይሠራል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ደረቀ ብለሽ ፌስታል ውስጥ ስታስገቢው ያ እርጥበት ወጥቶ ሻጋታ ያበቅላል።

በመጋቢትና በሚያዝያ የደረሰ ማንጎ ቢሆን ኖሮ አስጪው እልሽ ነበር። በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጠሽ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ነክረሽ፣ ሰፌድ ላይ ሳይነካካ ደርድረሽ፣ ዝንብ እንዳይነካው ስስ ሻሽ አልብሰሽ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት እያስገባሽ፣ ሦስት አራት ቀን። ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሲቀደድ ግን ውሃ የማይል ሲሆን ደርሷል። ከዚያም ወዲያው አታሽጊው። በመስታወት ዕቃ አድርገሽ ሳምንት ያህል በየቀኑ ነቅነቅ አድርጊው። መስታወቱ ላብ ካወጣ ገና ነው፣ ወደ ፀሐይ መልሺው። አሁን ግን ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ለዘንድሮ ማስጣቱን ተዪው። ለከርሞ ወንድምሽ ቀደም ብሎ እንዲያመጣልሽ ንገሪው።

የእጅሽ ማሳከክ ከልጣጩና ከዘንጉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ነው። ብዙ ሰው አንድ ሁለት ማንጎ ሲልጥ አይሰማውም። ማዳበሪያ ሙሉ ሲልጥ ግን ይቆጣል። ከመላጥሽ በፊት ማንጎውን እጠቢ፣ ጓንት አድርጊ፣ ስትጨርሺ በሳሙና ታጠቢ። ሽፍታው ውሃ ከቋጠረ፣ ከንፈርሽ ወይም ዓይንሽ ካበጠ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ለነገ አትበይ።

ጥሬውን ግማሽ ማዳበሪያ ሁሉንም ዛሬ አትንኪው። ለማርማላታው የሚሆነውን ለዪና የቀረውን በጭድ ውስጥ ቅበሪው፤ ጭድ ከሌለ በጋዜጣ ጠቅልይው። አንድ ሁለት የበሰለ ሙዝ አብረሽ ብታስገቢ ያፋጥንልሻል። በየሁለት ቀኑ ፈትሺ። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቢው። ጥሬ ማንጎ ብርድ ከመታው ልጣጩ ይጠቁራል፣ ቢቆይም በወጉ አይበስልም። ሲበስል ነው ፍሪጅ የሚገባው። እንዲህ ካደረግሽ ማንጎው በሁለት ሦስት ዙር ይደርስልሻል፣ አንቺም ባንድ ሌሊት ሁሉን ለማዳን አትሮጪም። ልጆች ካሉ ጥሬውን በሚጥሚጣና በጨው ስጫቸው፣ እሱም ያልቅልሻል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የምታነቡ የመራዊ አካባቢ ሰዎች፣ ከቆጋ መስኖ አቮካዶ በሳጥን የሚደርሳችሁ፣ ከላይ ያልኩትን ለአቮካዶ እንዳታውሉት። አቮካዶ ሲፈላ ይመርራል። ማርማላታም አይሆንም፣ ተሰጥቶም አያምርም። ሲበስል በሎሚ ጨፍልቆ ፍሪዘር ማስገባት ነው መንገዱ። ፓፓያ ያላችሁም በወተት ጨምቃችሁ አታሳድሩት። ፓፓያ ወተቱን ይፈታዋል፣ ጠዋት መራራ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የቀረኝ የአማትሽ ነገር ነው፣ እታለም። የሰኔ ጾም እስከ ሐምሌ 5 ይቆያል፤ ስለዚህ ማርማላታሽ ከአንድ ወር በላይ መቀመጥ አለበት። ይቀመጣልም፣ ብርጭቆው ንጹሕ ከሆነ። ክዳኑ የብረት የሆነ የመስታወት ዕቃ ምረጪ። ክዳኑ ከዛገ ወይም ከታጠፈ አይሁን። ብርጭቆውን በውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ አፍይው። ቆላ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃ ነበር። ያንቺ ውሃ 92 ላይ ስለሚፈላ ነው የምጨምርብሽ። ማርማላታው ከእሳት እንደወረደ በትኩሱ ብርጭቆ ሙዪው፤ በቀዝቃዛው ካደረግሽው ይሰነጠቃል። አንድ ጣት ያህል ጎደል አድርጊ፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፣ ዝጊ። ከዚያ ድስት ውስጥ ከሥር ጨርቅ አንጥፈሽ፣ ብርጭቆዎቹን አቁመሽ፣ ውሃው ክዳኑን እስኪያልፍ ሞልተሽ ሌላ 20 ደቂቃ አፍዪ። አውጥተሽ እስኪነጋ አትንኪያቸው።

ጠዋት የክዳኑን መሐል በጣትሽ ጫን በዪው። ወደ ታች ገብቶ ጭጭ ካለ ታሽጓል፤ ቀኑን ጽፈሽ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው። ጫን ሲሉት ጠቅ ጠቅ የሚለው አልታሸገም፤ እሱን ፍሪጅ አስገቢና እናንተ በቅድሚያ ብሉት። ለአማትሽ የታሸገውን አቆዪላቸው።